ያንተ መኪና፣ የቃሲም ፈረስ

የሂክማ አባት፣ ከድርዬ፣

ባለህበት ሰላም ይሁንልህ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው አረፋ አለፈ። በመጀመሪያው አረፋ በጉ ግቢ ታስሮ፣ ማን እንደሚያርደው ጠፍቶን ሂክማና እኔ ተያይዘን ስናለቅስ ነው ጎረቤት የደረሰልን። ዘንድሮ ወንድምህ ሐጂ አማን ከሶላት መልስ መጥቶ አረደልን። ጉበቱን ጠብሼ ሰጠሁት፤ አንተ በምትቀመጥባት ቦታ ተቀምጦ በላ። እዚያች ቦታ ላይ ሲቀመጥ ከፋኝ፤ ኋላ ግን ባዶ ሆና ከማያት ይሻላል ብዬ ጉበቱን ጨመርኩለት።

ዛሬ የምጽፍልህ የመኪናህን ነገር ልነግርህ ነው። ደስ እንደማይልህ አውቃለሁ። ሆስፒታል ተኝተህ፣ ትንፋሽህ እየተቆራረጠ፣ እጄን ይዘህ መኪናዋን አደራ፣ እንዳትሸጧት፣ የሂክማ እንጀራ ናት ያልከኝን አልረሳሁም። ስለዚህ አትቆጣ አልልህም፤ ብትቆጣም ሐቅህ ነው። ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ። በሕይወት እያለህ ነገሬን ሳልጨርስ ብድግ ብለህ መስጊድ ትሄድብኝ ነበር፤ አሁን እንኳ የትም አትሄድብኝም።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው አጥር በክረምቱ ነፋስ ወድቆ የአፎሻችን፣ የእድራችን ወንዶች ተሰብስበው ባንድ ቀን አቆሙልን። አንተን ከቀበሩበት ቀን ጀምሮ አልከዱንም፤ እኔም በተራዬ ለቅሶ ሲኖር ድስቴን ተሸክሜ እሄዳለሁ። የጨርቅ ሱቄ እንደ ድሮው ነው፤ አረፋ ሲደርስ ሞቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ዝንብ እሽ ስል እውላለሁ። ጃኬትህ አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ለሰው ልስጠው እልና እጄ እምቢ ይለኛል።

ሂክማ ኮሌጇን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ከረመች። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ የመኪናዋን ሸራ ገፍፋ፣ ውስጥ ገብታ፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ሳር ሜዳው ላይ አንተ መሪ ያስያዝካት ትዝ ብሏት ነው። እኔ ዳር ቆሜ ልጄን ገደልካት እያልኩ ስጮህ፣ አንተ በመስኮት አንገትህን አውጥተህ ትስቅብኝ ነበር። ብዙም ሳትቆይ መንጃ ፈቃድ አወጣችና ከጢቾ ገብስና ድንች እየጫንኩ አሰላ አወርዳለሁ አለች። ሐጂ አማን ሴት ልጅ በዚያ ጭጋግ ምን ሲደረግ ብሎ ተቆጣ። እኔ አባቷ ያለውን ነው የምታደርገው አልኩት። ኋላ ሥራውን ስትጀምር አንድ ቀን ራሱን አሳፍራ ጢቾ ወስዳ መለሰችው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሴት ልጅ ሲናገር አልሰማሁትም።

ግን መኪናዋ ቆማ ስለከረመች ቦሎዋም ኢንሹራንሷም አልፎ ነበር። ያለ ሦስተኛ ወገን ቦሎ የለ፣ ያለ ቦሎ መንገድ የለ። አንተ በየዓመቱ ያቺን ወረቀት ትገዛና መስታወቱ ላይ ለጥፈህ ትረሳታለህ። ምን ምኑን ነው የምትሸፍነው ብዬ ስጠይቅህ ከትራፊክ ትሸፍነኛለች ትለኝ ነበር። እኔም አምኜህ ኖርኩ። ወይ አንተ! ኋላ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ስንት ጊዜ ስምህን እንዳነሳሁ ብታውቅ።

መጀመሪያ የገባሁበት ቢሮ ያለው ልጅ ሙሉ ሽፋን ይሻልዎታል አለና ዋጋውን ሲነግረኝ የወንበሩን ክንድ ጨብጬ ቀረሁ። እሱም ቢሆን የመኪናዋን ዕድሜ ሲሰማ ፊቱን አጨፈገገው፤ አሮጌ መኪና እንዲህ በቀላሉ አንቀበልም አለ። ሁለተኛው ቢሮ ዋጋው ረከስ ያለ ነበር። ታዲያ ምን ምን ይሸፍናል ብዬ ስጠይቅ ሁሉንም ነው እናቴ፣ ሁሉንም ነው አለኝ። ሁሉን እንሸጣለን የሚል ነጋዴ ደግሞ እኔ በሱቄ አውቀዋለሁ። ቻው ብዬው ወጣሁ።

ሦስተኛው ቢሮ ትዕግሥት የምትባል ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ አገኘሁ። ሻይ አዘዘችልኝ፤ ብርጭቆውን መኪና፣ የስኳሩን ዕቃ ሰው አድርጋ ጠረጴዛው ላይ እያነዳች አስረዳችኝ። ለካ ዱባና ቅል ነው! ሦስተኛ ወገን የምትባለው፣ አንተ በየዓመቱ የምትለጥፋት፣ እኛን አታውቀንም። የምታውቀው እኛ የገጨነውን ሰው ነው። አካሉ ቢጎዳ ታሳክማለች፣ ትክሳለች፤ ንብረቱም ቢበላሽ እስከተወሰነላት ድረስ ትከፍላለች። የእኛ መኪና ብትጨፈለቅ ግን ዞር ብላም አታይ። የእሳትና የስርቆት የሚባለው ደግሞ መኪናዋ ብትቃጠል ወይ ብትሰረቅ ነው። ግጭቱንም መገልበጡንም የሚጨምረው ሙሉው ነው፤ እሱም ቢሆን ከጉዳቱ የመጀመሪያው ድርሻ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። ድርሻዬን ከፍ ካደረግኩ ዓመታዊው ክፍያ ዝቅ እንደሚልልኝ እንኳ ነገረችኝ። ከኋላ ሰው መጫን ግን ከሁሉም ውጪ ነው፤ የጭነት ተብላ የተመዘገበች መኪና ላይ ለቅሶኛ ተጭኖ ቢወድቅ ለማንም አንከፍልም አለችኝ። አንተ ስንቱን ለቅሶኛ ጭነህ ጮሌ ድረስ እንደሄድክ ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ።

ሐራም እንዳይሆን ሸኻችንን ጠየቅሁ፤ ተካፉል ከሆነ ይፈቀዳል አለኝ። እዚያው ቢሮ የተካፉል መስኮት አለ፤ ሁሉም ያዋጣል፣ የተጎዳው ከተዋጣው ይነሳል። ይሄማ አፎሻችን ነው አልኩ። የግዴታዋንና የእሳትና የስርቆቱን ገዛሁ፤ ሙሉው ለእኛ አሮጊት መኪና ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ለጥገና የምትሆን ገንዘብ ለብቻዋ ቋጠርኩ። ስወጣ ትዕግሥት በሩ ድረስ ሸኝታ አንድ ነገር አሰረችብኝ፤ እትዬ ፋጡማ፣ አያድርገውና አደጋ ቢደርስ ፖሊስ ይጥሩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ለኛ ይደውሉ፤ እኛ ሳናውቅ ግን ከማንም ጋር ተስማምተው ካሳ እንዳይቆርጡ አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

አደጋው የደረሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሂክማ ገብስ ጭና ከጢቾ ስትመለስ አሰላ መግቢያ ላይ ዝናብ ያዛት። ፊት ለፊቷ ጋሪ ነበር። ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ተንሸራታ ጋሪውን ከኋላ መታችው፤ ፈረሱንም ጨምራ ቦይ ውስጥ ገባች። ልጃችን አልሐምዱሊላህ ግንባሯ ከማበጥ በቀር ምንም አልሆነችም። የጋሪው ባለቤት ቃሲም እግሩ ተሰበረ። ዳማ ፈረሱ እዚያው ሞተ። ስደርስ ሂክማ ዝናቡ ውስጥ ቆማ የፈረሱን አንገት እየደባበሰች ታለቅሳለች፤ የቃሲም ሚስት ዘይነባ አንድ ልጇን አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ መንገዱ ዳር ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ብቻ አየችኝ፣ ከድር። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

ትራፊክ መጣ፣ ንድፉን አነሳ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ከኋላ የመታነው እኛ ነን። ቃሲምን ሆስፒታል አስገቡት፤ ሕክምናውን ያቺ ከትራፊክ ትሸፍነኛለች የምትላት ወረቀት ያዘችለት። ለትዕግሥት ደወልኩ። የፈረሱን ጉዳይ መርማሪያችን ከአዳማ መጥቶ ማየት አለበት፣ ከነገ ወዲያ ይደርሳል፣ ሬሳው እንዳይነካ፣ እርስዎም ከቤተሰቡ ጋር ምንም አይስማሙ አለች። ልጄ፣ መርማሪው ከነገ ወዲያ ይምጣ፣ የአሰላ ጅብ ግን ቀጠሮ አያውቅም አልኳት። እንዳልኩትም ሆነ። ሲነጋ ከፈረሱ የቀረ ነገር የለም። ፎቶ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ የሰው እንጀራ ወድቆ እያየ ስልክ የሚያወጣ ከየት ይመጣል?

ጠዋት ትዕግሥት ደግማ ደወለች። ዝም ካልኩ፣ ከታገስኩ፣ ፖሊስና ምስክር አለ፣ ፈረሱን ድርጅቱ ሊክስ ይችላል፤ ወራት ይፈጃል እንጂ። ለእኛ ትክክለኛው ይሄ ነበር። እሱ ይጠብቅ፣ እኛ በቋጠርናት ገንዘብ መኪናዋን እንጠግን፣ ሂክማ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ያንተም አደራ ይጠበቅ። አንዲት ቃል ሳልናገር ቤቴ መቀመጥ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያውም እኔ፣ ዝም ማለት!

ግን ቃሲም ያለ ፈረስ ምን ይብላ? ፈረስ ካለ ታናሽ ወንድሙ ጋሪውን እየነዳ ቤቱን ያቆይለታል። ፈረስ ከሌለ ያ ሁሉ ወር ልጆቹ የሰው እጅ ያያሉ። ሐጂ አማንን ጠየቅሁት። ሀዳ ሂክማ፣ የሂክማ እናት፣ ወረቀቱ የሚለውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ደንቡ የሚለውን ግን ሁላችንም እናውቃለን አለኝና ጫማውን አጠለቀ።

ያን ጊዜ የሲሬው በሬ ትዝ አለኝ። ሂክማ ገና ጡት ሳትጥል፣ ሲሬ ላይ የሰው በሬ ገጭተህ ስትገድል፣ ሸሽተህ መምጣት ስትችል ባለቤቱ ደጅ ቁጭ ብለህ አደርክ። በማግስቱ መጥተህ እናቴ ለጫጉላዬ የሰጠችኝን ላም ፈትተህ ይዘሃት ሄድክ። እኔን ሳትጠይቅ! እርጎ የምታጠጣኝን ላሜን! ስንት ቀን እንዳኮረፍኩህ ታስታውሳለህ፤ ወጡን ያለ ጨው ሠርቼ ሳቀርብልህ ዝም ብለህ ትበላ ነበር። ገበሬው በሬ ሳይኖረው ሌሊቱን እንዴት ልተኛ ነው ያልከኝ። አልገባኝም ነበር፤ ቢገባኝም እልህ ስለያዘኝ እሺ አልልህም ነበር።

ሲንቄዬን አወረድኩ። ስዳር እናቴ የሰጠችኝን፣ አንተ በዚህች ዱላ እንዳትመችኝ እያልክ የምትቀልድባትን። በአርሲ ደንብ ባለ ትዳር ሴት ሲንቄዋን ይዛ ደጅ ከቆመች የሚመልሳት የለም። ሁለት ጎረቤቶቼም ሲንቄያቸውን ይዘው ተከተሉኝ፣ ሂክማም ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ። ሐጂ አማንና ጠርቶ ያመጣቸው ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ቆሙ። የዘይነባ በር ዝግ ነበር። ቆምን። ካፊያው ይጥላል፣ ስልኬ ጉያዬ ውስጥ ይጮኻል፤ ትዕግሥት እንደሆነች አውቄ አላነሳሁም። ጎረቤቶቹ ወጥተው ያዩናል። እግሬ ሲዝል በሩ ገርበብ አለና ዘይነባ ብቅ አለች። ጥፋቱ የኛ ነው አልኳት። ልጄ ናት የመታችው፣ እኔ ነኝ የላክኋት፤ ፈረሳችሁን ፈረስ እንተካለን፣ እግሩን አላህ ይተካ። በኦሮምኛም በአማርኛም ነገርኳት፤ የቱ እንደሚበቃ አላወቅሁም ነበር። ዘይነባ መጀመሪያ ሲንቄዬን አየች፣ ቀጥላ የሂክማን ያበጠ ግንባር አየች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በሩን ከፈተችው፣ ገባን።

ሽማግሌዎቹ ፊት ተስማምተን ፈረሙልን፣ ፈረምን። ቡላ ፈረስ ሐጂ አማን ራሱ ገበያ ወርዶ፣ ጥርሱን አይቶ፣ አስሩጦ መርጦ ገዛ። ያቺ ለጥገና የቋጠርኳት ገንዘብ እዚያው አለቀች።

ትዕግሥት የሆነውን ስትሰማ እትዬ ፋጡማ ምን አደረጉ ብላ ራሷን ያዘች። የቃሲምን እግር እስከ መጨረሻው ከፈሉ፣ ሥራ ለፈታበትም ካሱት፤ ያንን ሕጉ የሱ ያደረገለት ነው፣ የኔ መናገር አላስቀረውም። ፈረሱን ግን አንከፍልም አሉ፤ መርማሪያችን ያላየውን፣ እናንተው ተስማምታችሁ የቆረጣችሁትን አሉ። ልጅቱ ላለቆቿ ጽፋ ተከራክራልኛለች፣ አልሆነላትም። አልተቀየምኳትም። አስቀድማ ነግራኛለች፣ ሰምቼ ነው ያጠፋሁት። መካኒኩ ደግሞ ሻንሲው ተጣሟል፣ ይሄ የዋዛ አይደለም አለ። መኪናህ ግቢ ውስጥ አፍንጫዋ ተጨፍልቆ ከረመች። ዶሮ ውስጧ መተኛት ስትጀምር እኔም ሂክማም በዚያ በኩል ማለፍ ተውን።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአዳማ ሰው እንዳለች ገዛትና ጎትቶ ወሰዳት። ሸጥኳት፣ ከድር። አደራህን በላሁ። ከግቢ ስትወጣ ሂክማ በሩን ይዛ ቆማ ነበር፣ እኔ ግን ቆሜ ማየት አቅቶኝ ጓዳ ገባሁ። አንተ ዳግመኛ የሞትክ ያህል አለቀስኩ። በገንዘቡ ሂክማ ከሱቄ ጎን ዘርና የከብት መድኃኒት ልትሸጥ ቤት ተከራይታለች፤ የተማረችውም እሱን ነውና እንጀራዋ አልጠፋም። መኪና ልትገዛ ስትችል ደግሞ ሙሉውን ነው የምገባላት እያለች ታስቀኛለች።

ታዲያ እኔ ወዳንተ የምመጣው በመኪናህ ነበር። ሂክማ አርብ አርብ መቃብሩ አጥር ድረስ ታደርሰኝ ነበር፤ አሁን እግሬን እያመመኝ ቀረሁብህ ስል አዝን ነበር። ትናንት ከሱቄ ደጅ ጋሪ ቆመ። ቃሲም ነው፣ በቡላው። እያነከሰ ወርዶ ደግፎ አወጣኝ። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም። ሒሳብ ልሰጠው ስል እጄን መለሰና ሀዳ ሂክማ፣ ባልሽ ጋ ለመሄድማ አቦ ተዪው አለኝ።

እኔ እንደ ሴቶች ወግ ከአጥሩ ውጪ ቀረሁ። እሱ ልግባልሽ፣ የትኛው ነው አለኝ። ከግራሩ ሥር ያለው አልኩት። ሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ ስሙን ንገሪኝ አለኝ። ከድር በለው አልኩት። ያ ልጅህ እግሩን የሰበረችው ሰው እያነከሰ ገባና ራስጌህ ቆመ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ረጅም ዱዓ አደረገልህ። ስምህን ሲጠራ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ ላሜን ስትሰጥ አልጠየቅከኝም፤ እኔም መኪናህን ስሰጥ አልጠየቅኩህም። ከተቀየምከኝ ስመጣ ያለ ጨው አብላኝ። እስከዚያው ግን አርብ አርብ ከአጥሩ ወዲህ አለሁ። ስምህን በዱዓችን የምንጠራው ሂክማና እኔ ብቻ ነበርን፤ አሁን ሦስት ሆነናል።

ያንተው ፋጤ